እሽኮኮ እና ማዘያ

ለልጄ መጫወቻ የገዛሁት ለልደታ ንግሥ ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ራቅ ብሎ፣ ጧፍና ዣንጥላ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ፣ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ላስቲክ አንጥፎ ተቀምጧል። ከኋላው ሁለት ማዳበሪያ አቁሟል። ለልጅ የሚሆን መጫወቻ እንዳለው ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ "ወንድ ነው ሴት?" አለኝ። ወንድ ነው አልኩት። ዕድሜው ስንት ነው አላለም፤ ምን ይወዳል አላለም። በግራ በኩል ያለውን ማዳበሪያ ፈታና ሽጉጥ፣ መኪና፣ የፕላስቲክ ጎራዴና ፊሽካ ላስቲኩ ላይ ዘረገፈልኝ። የቀኙ ማዳበሪያ አፉ እንደታሰረ ቀረ። ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ትንሽ ከጅሎኝ ነበር፤ ግን ከኋላዬ ሌሎች ገዢዎች ተሰልፈዋል፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል።

ሽጉጦቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ቢጫ ገልባጭ መኪና መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሽጉጥ ባለመግዛቴ ብቻ ራሴን የሠለጠነ አባት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ኮንዶሚኒየማችን ድረስ ያለውን መንገድ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት።

ልጄ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር፤ እህቱ ደግሞ ገና አራት ወሯ። ገልባጩን ሲያይ በደስታ ዘለለ። ወለሉ ላይ አድርጎ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ገፋው። ከዚያ አነሳውና አገላብጦ አየው፤ ትንሽ አሰበ፤ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፎጣ ይዞ ተመለሰና ለእናቱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። "እሰሪልኝ" አላት። እሷም እጇ ሥራ ላይ ስለነበር ምንም ሳትጠይቅ ጎንበስ ብላ ገልባጩን ጀርባው ላይ አድርጋ በፎጣው ጠፍንጋ አሰረችለት። ልጄ መኪናውን አዝሎ፣ እጁን ወደ ኋላ ልኮ መታ መታ እያደረገው፣ ከሶፋው እስከ በሩ እየተመላለሰ እሹሩሩ ይል ጀመር።

"መኪና እኮ ነው" አልኩት። "ይነዳል እንጂ አይታዘልም።"

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። "ቀስ በል፣ እንቅልፉ መጥቷል።"

ሚስቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "አንተ ደግሞ! መኪና አይተኛም ያለህ ማን ነው?" አለችኝ።

እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ግራ ገብቶኛል። ልጁ ምንም አላጠፋም። እናቱ እህቱን ታዝላለች፤ ሞግዚቷም ታዝላለች፤ እሱም ያለውን አዘለ። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ያልገባኝ የራሴ ነገር ነው፤ ለምንድን ነው ተነስቼ ያንን ፎጣ መፍታት ያማረኝ?

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጁን የሚሸከምበት መንገድ የታወቀ ነው። ትከሻው ላይ ሰቅሎ እሽኮኮ ያደርገዋል፤ ልጁም የአባቱን ፀጉር ጨምድዶ ይዞ ዓለምን ከላይ ያያል። በትከሻህ ከሆነ ሰው ሁሉ ፈገግ ይልልሃል። ያው ልጅ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ጀርባህ ላይ በማዘያ ከታሰረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ራሴ አንድ ሰውዬ ሕፃን አዝሎ ሜክሲኮ አደባባይን ሲሻገር ባይ ዞሬ እንደማይ፣ ምናልባትም ሚስቱ ሞታበት ይሆን ብዬ እንደማስብ አውቃለሁ። ይህን ማን እንዳስተማረኝ ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

ያደግኩት አብነት ነው፤ አሁን ካለንበት ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። አባቴ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነበር፤ የሥራ ቦታው የቤታችን ደጃፍ ላይ ነበር። ከሥራ በተረፈ ቀጭን ብረት መኪና ሠርቶልኝ ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ልጆች የሽቦ ሳይሆን የተበየደ፣ መሪው የሚዞር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቀንቶብኛል። እኔ ግን መኪናውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ከጓሯችን ወደሚሰማው ወሬ እሄድ ነበር። እዚያ፣ በቆርቆሮው አጥር ሥር፣ የጎረቤታችን ሁለት ሴት ልጆች ዕቃቃ ይጫወታሉ።

ዕቃቃ አባት ያስፈልገዋል፤ እህትማማቾቹም አባት የሚሆን ሰው ስለሌላቸው እኔን ይጠሩኛል። እናት የምትሆነው ታላቅየዋ ናት። አንድ የውሃ ፕላስቲክ በሻሽ አዝላ፣ በቆርኪ አፈር እያቦካች ትጠብቀኛለች። ገና ገብቼ ሳልቀመጥ "አባት፣ ሥራ ሂድ" ትለኛለች።

"የት?"

"ሥራ ነዋ! እዚያ ግድግዳው ጋ።"

ሄጄ ግድግዳው ጋ እቆማለሁ። ሥራዬ መቆም ነው። እነሱ ይቀቅላሉ፣ ያጥባሉ፣ ይጣላሉ፣ ሕፃኑ ይታመምና ሐኪም ቤት ይወሰዳል፤ ዋናው ጨዋታ ሁሉ የሚካሄደው እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ሰልችቶኝ ስመለስ "ገና አልመሸም፣ ተመለስ" እባላለሁ። መምሸቱን የምትወስነው እሷ ናት። ሲመሽ ገብቼ በቅጠል ላይ የአፈር ወጥ ይቀርብልኛል፤ "አባት ደክሞታል፣ አትረብሹት" ይባላል፤ እንድተኛ እታዘዛለሁ። ስነቃ ደግሞ ወደ ግድግዳው። አባትነትን መጀመሪያ የተማርኩት እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ከግድግዳው ተመልሼ ፕላስቲኩን እኔ ልዘለው ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱም እኩል ሳቁብኝ። "አባት አያዝልም" አለች ታላቅየዋ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ በሙሉ እርግጠኝነት፣ "የወንድ ወገብ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይንሸራተታል" አለችኝ። እኔም አመንኳት። ለረጅም ጊዜ የወንድ ወገብ የሚይዝ ነገር የሌለው ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሞላኝ እህቴ ተወለደች። ስድስት ወር ሲሆናት እናቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ሰፈር ለቅሶ ልትደርስ ሄደች፤ ቶሎ እመለሳለሁ፣ እህትህን ጠብቅ ብላኝ። ወዲያው እንደወጣች እህቴ ማልቀስ ጀመረች። አቀፍኳት፣ አጨበጨብኩላት፣ የብረት መኪናዬን ነዳሁላት፤ ባሰባት። በመጨረሻ አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የእናቴን ማዘያ እንደምንም አዙሬ ደረቴ ላይ ቋጠርኩት። ስነሳ እንደምትንሸራተት እርግጠኛ ስለነበርኩ አጎንብሼ ነው የቆምኩት። አልተንሸራተተችም። ሁለት ዙር ሳልጨርስ ዝም አለች፤ ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች፤ ትንፋሿ በሸሚዜ ውስጥ ይሞቀኛል። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ለሰው የጠቀምኩበት ቀን አልነበረም።

አባቴ የገባው በዚያ ሰዓት ነው፤ ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር። አንደኛው ሲያየኝ "ውይ፣ ሞግዚት ቀጥራችኋል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ወደ እኔ መጥቶ ተንበረከከና ቋጠሮውን በእነዚያ በተቃጠሉ ጣቶቹ ቀስ አድርጎ ፈታው። "ጎበዝ" አለኝ። ከዚያ እህቴን ከእንቅልፏ አንስቶ ትከሻዬ ላይ አስቀመጣትና፣ "ወንድ ልጅ እንዲህ ነው። እሽኮኮ!" አለ። እሷ ፈርታ ጮኸች። እሱ ከኋላ ደግፎ ይዟታል፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አልተፈጠረም። ግን እስከዛሬ ድረስ አንድ ነገር አልገባኝም። ጎበዝ ያለኝ ስላዘልኳት ነው ወይስ ሲፈታኝ ዝም ብዬ ስለቆምኩለት? ቢመታኝ ኖሮ ቂም እይዝ ነበር፤ ቂም ቢያንስ ግልጽ ነገር ነው። እሱ ግን አልመታኝም፤ በፍቅር ነው የፈታኝ። እህቴን ከዚያ ወዲያ አዝያት አላውቅም። ማንም አትዘላት ብሎ አልከለከለኝም።

በነገራችን ላይ፣ ይህ የወንድነት ደንብ የሚሉት ነገር በደንብ የገባው ሰው ካለ በጽሑፍ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል። ልጅ ሆኜ ጉልበቴ ተልጦ ሳለቅስ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ይሉኝ የነበሩ ጎረቤቶች፣ አባቴ የሞተ ቀን ዓይኔ አልረጥብ ቢል ዙሪያዬን ከበው "አልቅስ እንጂ! ለአባቱ ያላለቀሰ ምን ወንድ ነው?" ብለው ተቆጡኝ። እየተቆጡኝም አልቅሼላቸዋለሁ። ያለቀስኩት ለአባቴ ይሁን ከድንጋጤ ግን አላውቅም።

ወደ ልጄ ልመለስ። ገልባጩን አንድ ቀን አዝሎ የሚተወው መስሎኝ ነበር። አልተወውም። ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ ቦርሳውን አውልቆ መኪናውን ያዝላል። ጎማዎቹ ጀርባውን ይወጉታል መሰለኝ ትንሽ አጎንብሶ ነው የሚሄደው። ሳያዝል እንዲጫወትበት ላሳየው ፈልጌ አንድ ቀን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ገልባጩን ምስር ሞልቼ፣ እስከ ወንበሩ ድረስ ነድቼ፣ ገለበጥኩለት። በሞተር ድምፅ ጭምር። ልጄ በትሕትና ተመለከተኝ። ስጨርስ "አሁን በልቷል፣ ይተኛ" ብሎ መኪናውን ከእጄ ወሰደው።

ሚስቴ ባንክ ነው የምትሠራው። አንድ ምሽት ምን እንደሚያስጨንቀኝ ጠየቀችኝ። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ሲገባ ልጆች ሴታሴት እንዳይሉት ነው አልኳት። "እና አንተ ቀድመህ ልትለው ነው?" አለችኝ። ተናድጄ ወደ በረንዳ ወጣሁ። እዚያ ቆሜ ሳስበው አንድ ነገር ብቻ ጠራልኝ። እኔ በስምንት ዓመቴ የተውኩትን ነገር እሱ በእኔ ምክንያት እንዲተው አልፈለግኩም። ሰፈሩ ያስተወው፤ ትምህርት ቤቱ ያስተወው፤ ብቻ እኔ አልሁን። ስለዚህ ምንም ላለማለት ወሰንኩ። ዝም ያለ አባት አይሳሳትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች። ባንክ ቅዳሜም ስለሚሠራ ሚስቴ በጠዋት ወጥታለች። ሞግዚቷ ዘመድ ሞቶባት አገር ቤት ሄዳለች። እኔ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ ሁለቱም ልጆች እኔ ላይ ናቸው። ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የዚያን ቀን ፈረቃ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶታል፤ አራተኛ ፎቅ ደግሞ አይወጣም። ከታች፣ ከታንከሩ ሥር ካለው ቧንቧ፣ በጀሪካን መቅዳት አለብኝ። ልጅቷን አልጋ ላይ ሳስቀምጣት ትጮሃለች፤ ሳቅፋት ዝም ትላለች። አቅፌያት ደግሞ ሁለት ጀሪካን አልይዝም።

ሦስት ጊዜ ካስቀመጥኳት በኋላ ዓይኔ በሩ ላይ ወደተንጠለጠለው ማዘያ ሄደ። ልጄ ዓይኔን ተከትሎ አየው። ምንም ሳልናገር ሮጦ አውርዶ አመጣልኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ትንሿን ጀርባዬ ላይ አስተኝቼ፣ ማዘያውን አዞርኩ። እጄ አልረሳውም ነበር። ስነሳ ልጄ ፊቴ ቆሞ እስከ ጆሮው ፈገግ ብሏል። "እኔንም እሰረኝ" አለ። ገልባጩን በፎጣ አሰርኩለት። ጠንከር አድርጌ ነው ያሰርኩለት፤ ጎማው እንዳይወጋው ትንሽ ጨርቅ እንኳን ጣል አድርጌበታለሁ። ሁለታችንም አዝለን በሩን ዘግተን ወጣን።

አራተኛውን ፎቅ ወረድን። ሦስተኛውን ወረድን። እሱ ከፊቴ የደረጃውን ብረት ይዞ እየቆጠረ ይወርዳል፤ እህቱ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፤ ባዶዎቹ ጀሪካኖች እግሬን ይመቱኛል። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነት ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ከታች ሳቅ ሰማሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከታንከሩ አጠገብ ዳማ የሚጫወቱት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አራት አምስት ወንዶች። የሚስቁት በጨዋታቸው ነው፤ እኔን አላዩኝም፤ ከዚያ ሆነውም ሊያዩኝ አይችሉም። እግሬ ግን ቀጥ አለ። አንድ ደረጃ ልውረድ ብዬ ሞከርኩ። አልሆነም። ምን ይሉኛል ብዬ እንዳላሰብኩ እምላለሁ፤ ምንም ነገር አላሰብኩም። እጄ ብቻ ወደ ደረቴ ሄዶ ቋጠሮውን ፈታው።

ትንሿ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። በግራ እጄ አቀፍኳት፤ ማዘያውን ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት፤ አንዱን ጀሪካን ደረጃው ላይ ተውኩት።

ልጄ ዞሮ አየኝ። "ለምን አወረድካት?"

"ሞቋታል" አልኩት።

እህቱን አየ። እኔን አየኝ። ከታች ደግሞ ሌላ ሳቅ መጣ፤ ወደዚያም አየ። ከዚያ በሁለት እጁ ሆዱ ላይ ካለው ቋጠሮ ጋር መታገል ጀመረ። ጠንከር አድርጌ ስላሰርኩት እምቢ አለው። "ፍታልኝ" አለኝ።

"ለምን? ደህና አልነበርክ?"

"እሱም ሞቆታል።"

ተንበርክኬ በአንድ እጄ ፈታሁለት። መኪናውን እንደ ደብተር ብብቱ ሥር ይዞ፣ ፎጣውን ለእኔ ሰጥቶኝ፣ ከፊቴ ወረደ።

ከታች ስንደርስ ጎረቤቶቼ ሰላም አሉን። ከመካከላቸው አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጅቷ ስትጮህና እኔ በአንድ እጄ ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር ለማስገባት ስታገል ካዩኝ በኋላ፣ ዓይናቸውን ከዳማው ሳያነሱ፣ "የእኔ ልጅ፣ ጀርባህ ላይ ጣል ብታደርጋት እጅህ ነፃ ይሆን ነበር እኮ" አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም "እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት" ብዬ ሳቅኩ። የምራቸውን ይሁን ሊቀልዱብኝ አላወቅኩም። የሳቁት በእሳቸው ይሁን በእኔ አላወቅኩም። ልጄ ግን ሳቁን ሰምቷል፤ ገልባጩን መሬት ላይ አድርጎ፣ በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ፣ በታንከሩ ዙሪያ ይነዳው ጀመር። አንደኛው ሰውዬ አየውና "ጎበዝ ሾፌር!" አለው።

ለሚስቴ ይህን አልነገርኳትም። ከሥራ ስትመጣ መኪናው ወለሉ ላይ ሲነዳ አይታ "ዛሬ ደግሞ ነቅቷል" ብላ ሳቀች፤ እኔም አዎ አልኳት። በማግስቱም ነዳው። በሳምንቱም ነዳው። እየነዳ ከሶፋው እግር ጋር ያጋጨዋል፤ ይገለብጠዋል፤ አንዱ ጎማ ተነቅሎ ጠፍቷል። ማንኛውም ሰው ቢያየው መኪናውን የሚወድ ጤነኛ ወንድ ልጅ ነው የሚለው። እኔም እንደዚያ ልበል እላለሁ፤ ምናልባት ሰልችቶት ነው፣ ምናልባት አድጎ ነው፣ ልጅ አይደል። ይህን እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቱ ትንሿን ይዛ ክትባት ልታስከትባት ወጣች። በራችን ተዘግቷል፤ መጋረጃውም ተጋርዷል። ልጄ መኪናውን እፊቱ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያየዋል። ፎጣ ይዤ አጠገቡ ቁጭ አልኩና "እንቅልፉ የመጣ ይመስላል። ላስርልህ?" አልኩት።

ፎጣውን አየው። እጁን ዘርግቶ ጫፉን ነካ አደረገው። ከዚያ እጁን ሰበሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰው አለ" አለኝ።

ዘወር ብዬ ቤቱን አየሁት። ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።